ዕቃችሁ በየት ይግባ? ጅቡቲ፣ በርበራ፣ ታጁራ ወይስ ላሙ

ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ መርከቡ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቃል። በየትኛው ወደብ፣ ከወደቡስ በኋላ በየትኛው መንገድ ይግባ የሚለውን ግን ብዙዎቻችን አናነሳውም። ጅቡቲ ነዋ፣ ሞጆ ነዋ ብለን እናልፈዋለን።

እኔና ወንድሜም እንዲሁ አልፈነው ነበር። በባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የወለል ሴራሚክ አስመጣን። ሱቁ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ወረቀቱን የጨረሰልን ሰው የመጨረሻ መድረሻውን «ሞጆ» ብሎ ሞላው። ለደንበኛው ሁሉ የሚሞላው እንደዚያ ነው። እኛም አላየነውም። ኮንቴነሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ ገባ፤ ሚሌ ደረሰ። ሚሌ ላይ ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። ኮምቦልቻ የራሷ ደረቅ ወደብም፣ ጉምሩክም አላት። መኪናው ግን ወረቀቱ እንዳዘዘው በአዋሽ አድርጎ ሞጆ ገባ። ከሞጆ ሌላ መኪና ተከራይተን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ በጣርማበር ዳገት ወጥተን ወደ ኮምቦልቻ መለስነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ መንገድ ነው።

ሞጆ ላይ ኮንቴነሩ ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሠራተኛው በሩ የታሸገበትን ሲል በረጅም መቁረጫ ቀጭ አደረገው። በሩ ሲላቀቅ የታፈነ ሙቀት ፊቴን መታኝ። የታችኞቹ ካርቶኖች ላብ ጠጥተው ደርቀው ጨማደድ ብለዋል። ያኔ ዕቃው ደህና ነበር። የተጎዳው መኪና ሲቀየር፣ ሲራገፍና እንደገና ሲጫን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ካርቶኑን ከፍ ስናደርገው ከውስጥ የስብርባሪ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ያኔ አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ የምንለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ከክሬኑ ጀርባ ያለው

ወደብ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው መርከብና ክሬን ነው። ወደብን ወደብ የሚያደርገው ግን ከጀርባው ያለው ገበያና ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ነው። ለዚህ ከአሰብ የበለጠ ምስክር የለም። አሰብ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዋና በር ነበረች። ጦርነቱ ሲነሳ የኢትዮጵያ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባሕሩ አልጎደለም፣ የመርከብ ማቆሚያው አልፈረሰም። ጭነቱ ሲቀር ግን ከተማዋ ፀጥ አለች። ከወደቡ ሠራተኛ ጀምሮ ሻይ እስከምትሸጠው ሴት ድረስ ይኖሩ የነበሩት በዚያ መንገድ ላይ በሚመላለሰው መኪና ነበር።

በተቃራኒው ጅቡቲን እዩ። ቋሚ ወንዝ የላትም። ዝናብ ጠብቆ የሚታረስ ሰፊ መሬት የላትም። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ኢኮኖሚዋ የቆመው በወደቡና ወደቡን ተከትለው በመጡ አገልግሎቶች ላይ ነው። ደንበኛዋ ደግሞ በአብዛኛው እኛ ነን። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ በዚያ ያልፋል። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤሌክትሪክ እንሸጥላቸዋለን። በ2017 እ.ኤ.አ. ከሶማሌ ክልል የተነሳ የመጠጥ ውሃ መስመር ደርሷቸዋል። ጫቱ በየቀኑ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ጉሮሮ የያዘበት ጉርብትና ነው።

በአገር ውስጥም እንደዚያው ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ወደ ሐረር ከፍታ ሳይወጣ ቆላውን ይዞ ስለቀረ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ። ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ደግሞ ከዋናው መስመር ወጣች። ሞጆም በዘመናችን እንዲሁ ነው የተለወጠችው። የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ደረቅ ወደቡ ከመጣ ወዲህ የመኪና ማቆሚያው፣ ጎሚስታው፣ መጋዘኑ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ ሁሉ በኮንቴነር ይተዳደራል።

ይህን የማነሳው ከምርጫችሁ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። ጭነት የለመደ መንገድ ላይ መካኒክ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ ሥራውን የሚያውቅ የጉምሩክ ሠራተኛ አለ፣ ወረቀት ሲበላሽ የሚያስተካክል ሰው አለ። ጭነት ያልለመደ መንገድ ላይ ክራዩ ረክሶ ቢታያችሁም ችግር ሲመጣ ብቻችሁን ናችሁ።

ጅቡቲ

ለአብዛኛው አስመጪ መልሱ አሁንም ጅቡቲ ነው። ይህን የምለው ከልማድ አይደለም። ዶራሌ የሚገኘው የኮንቴነር ተርሚናል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ መርከቦችን ያስተናግዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብትን ጭነት፣ ብረትና ተሽከርካሪ የሚራገፍበት ሁለገብ ወደብ ተከፍቷል። ብዙ የመርከብ መስመሮች ይመጣሉ። የኢትዮጵያ ባንክ፣ ጉምሩክና ትራንዚተር (የወደብና የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሰው) ሁሉ አሠራሩን በቃሉ ያውቀዋል። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ በስተ ደቡብ ስለሆነች፣ ከቻይና ወይም ከሕንድ በቀጥታ የሚመጣ መርከብ መተላለፊያውን ሳያልፍ ይደርሳል። ይህ ነገር በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቀይ ባሕር መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ ዋጋው ታይቷል። ታዲያ ዕቃችሁ ጂዳ ላይ መርከብ የሚቀይር ከሆነ መተላለፊያውን ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ከመፈራረማችሁ በፊት «መርከብ የሚቀይረው የት ነው?» በሉ። ከቱርክ ወይም ከአውሮፓ የምታስመጡ ሰዎችማ ይህን ጥያቄ ጨርሶ እንዳትዘሉት።

ጅቡቲን መምረጥ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ገንዘባችሁ የሚተርፈው ወይም የሚበላው ቀጥሎ ባሉት ሁለት ውሳኔዎች ነው።

የመጀመሪያው መልቲሞዳል ነው ወይስ ዩኒሞዳል የሚለው ነው። በመልቲሞዳል አንድ አጓጓዥ ዕቃችሁን ከሻጩ አገር ወደብ ተረክቦ በአንድ ሰነድ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ያደርሰዋል። የጅቡቲውን ጣጣ እሱ ይጨርሳል። እናንተ ቀረጥ የምትከፍሉትና ዕቃ የምታስፈትሹት እዚሁ አገር ቤት ነው። ለዓመታት ይህን ሥራ ይዞ የቆየው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም በሩ ተከፍቷል። በዩኒሞዳል ግን አጓጓዡ ጅቡቲ ላይ ያስረክባችኋል። ከዚያ ወዲህ ትራንዚተሩ የእናንተ፣ መኪናው የእናንተ፣ የወደብ ኪራዩም የእናንተ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ፣ በዓመት አንድ ሁለት ኮንቴነር የምታስመጡ ከሆነ፣ ያለምንም ማመንታት መልቲሞዳል ያዙ። የባሕሩ ክራይ በብር ሊከፈል የሚችልበት መንገድ መኖሩ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ዩኒሞዳል የሚያዋጣው የራሱ መኪና ላለው፣ ጅቡቲ ላይ ለዓመታት የሚያምነው ትራንዚተር ላለው፣ ወይም ኮንቴነር የማይገባ ጭነት ለሚያስመጣ ሰው ነው። «እኔ በዩኒሞዳል በሁለት ሳምንት አወጣሁ» የሚል ጓደኛ ይኖራችኋል። እውነቱን ይሆናል። ትራንዚተሩ ማን እንደሆነ ግን ጠይቁት። ያን ሰው ካላገኛችሁ ያን ፍጥነት አታገኙትም።

በሁለቱም መንገድ የሚያስለቅሰው ዲመሬጅ ነው። የኮንቴነሩ ባለቤት የተወሰነ ቀን በነፃ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይቆጥራል፤ በዶላር ነው የሚቆጥረው። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የሚያቆመው መርከብ ወይም ክሬን አይደለም። ወረቀት ነው። ኦሪጅናል ሰነድ ባንክ ዘግይቶ ሲደርስ፣ የዕቃው ስም በኢንቮይስና በማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ ሲለያይ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይያዝ ሲቀር ነው ቀኑ የሚሄደው። ባዶውን ኮንቴነር ማን፣ የት፣ እስከ መቼ እንደሚመልስም በጽሑፍ አስይዙ።

ሁለተኛው ውሳኔ ባቡር ወይስ መኪና ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በደወሌ ገብቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ ይመጣል። ለሞጆ፣ ለአዲስ አበባ ዙሪያና ለድሬዳዋ ሙሉ ኮንቴነር ለሚያስመጣ ሰው ባቡሩ ጥሩ ነው። ዕቃው ብዙ ጊዜ አይነካካም፣ በመንገድ ላይም በየቦታው አይቆምም። ችግሩ የመጨረሻዋ ቁራጭ መንገድ ናት። ከጣቢያው እስከ መጋዘናችሁ መኪና ያስፈልጋል። ስለዚህ የባቡሩን ዋጋ ለብቻው ከመኪናው ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። ባቡሩን፣ ማራገፊያውንና ሁለተኛውን መኪና ደምሩና አወዳድሩ። መጋዘናችሁ ሐዲዱ አጠገብ ካልሆነ ብዙ ጊዜ መኪናው ያሸንፋል።

መኪና ስትመርጡ ደግሞ ወሩን እዩ። ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት የአፈር ማዳበሪያ በብዛት ይገባል። ማዳበሪያ ለገበሬው መድረስ አለበት፤ ቅድሚያ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ተሳቢው ሁሉ ወደዚያ ሲዞር ግን የግል ጭነት መኪና ያጣል፣ ክራዩም ይጨምራል። ለበዓል ገበያ የምታስመጡትን ልብስ ወይም የቤት ዕቃ ከዚያ ወቅት በፊት አስጭኑት። የሹፌሮቹንም ነገር ላንሳ። ጅቡቲ ከተማ መግቢያ ላይ ፒኬ 12 የሚባል የከባድ መኪና መቆሚያ አለ። ተራ የሚጠብቅ ሹፌር በዚያ ሙቀት ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይተኛል። ወረቀታችሁ አንድ ቀን ሲዘገይ አንድ ሰው እዚያ አንድ ቀን ይጨምራል ማለት ነው።

በርበራ

ጅግጅጋ፣ ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ በርበራ ከምር የሚታሰብ አማራጭ ነው። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ በ2016 እ.ኤ.አ. ከሶማሌላንድ ጋር ተፈራርሞ ወደቡን ማስፋፋት ጀመረ። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. 400 ሜትር ርዝመትና 17 ሜትር ጥልቀት ያለው አዲስ የኮንቴነር ማቆሚያ ተከፈተ። በዓመት 500,000 ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የማስተናገድ አቅም አለው። እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ያለው መንገድም ታድሷል። ከቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጅግጅጋ ነጋዴ ዕቃውን ሞጆ ድረስ ወስዶ መመለስ እኛ በሴራሚኩ የሠራነውን ስህተት መድገም ነው።

በርበራ ከኮንቴነሩ በፊት የምትኖረው በከብት ንግድ ነው። ከሶማሌ ክልላችን የሚነዳው በግና ግመል በዚያ ተጭኖ ወደ ሳውዲ ይሻገራል። በተለይ የሐጅ ወቅት ሲደርስ ወደቡ በበግ ይሞላል። ሳውዲ በበሽታ ምክንያት ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ከብት አልቀበልም ባለች ጊዜ የተጎዳው የወደቡ ሠራተኛ ብቻ አልነበረም። በኦጋዴን ያለው አርብቶ አደርም ነበር። የቁም እንስሳ ላኪ ከሆናችሁ እንግዲህ በርበራ የለመደችው ሥራ ነው። ማቆያውም፣ ነጋዴውም፣ መርከቡም አለ።

ከበርበራ የሚያስጠነቅቀው ፖለቲካው ነው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የወደቡን 19 በመቶ ድርሻ ልትይዝ ነበር፤ አልተሳካም። በጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሊያ ጋር አጣላ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንካራ ላይ ስምምነት ተደረገ። እናንተ የፖለቲካ ሰው ላትሆኑ ትችላላችሁ። ኤልሲ (ለሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የሚከፍትላችሁ ባንክና ለዕቃችሁ ዋስትና የሚሰጠው ኢንሹራንስ ግን ይህን ሁሉ ያያሉ። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ባንካችሁ ሄዳችሁ «የማራገፊያ ወደቡ በርበራ ቢሆን ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «እናያለን» ከሆነ ለመጀመሪያ ዕቃችሁ አትሞክሩት። የሚመጡት የመርከብ መስመሮችም ከጅቡቲ ያነሱ ናቸው። አንድ መርከብ ካመለጣችሁ ቀጣዩን መጠበቅ ሊረዝም ይችላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በዚህ መስመር ያለ ወረቀት የሚገባ ዕቃ እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቃል። ርካሽ ይመስላል። ቢያዝ ግን ዕቃውም መኪናውም ይሄዳል። እኔ በዚህ መመሪያ የማወዳድረው በዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ ተመዝግቦ የሚገባውን ብቻ ነው።

ታጁራ

ታጁራ ያለችው እዚያው ጅቡቲ ውስጥ ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ። በ2017 እ.ኤ.አ. ተከፈተች። የታሰበችው በዋናነት ከአፋር የሚወጣውን ፖታሽ ለመላክ ነበር። መንገዱ በባልሆ በኩል ወደ አፋርና ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ይገባል። ለአፋርና ለመቀሌ ቀረብ ትላለች። ለብትን ጭነት፣ ለድንጋይ ከሰል ወይም ለብረት የመሰለ ከባድ ነገር ልታዋጣ ትችላለች። ለአንድ ኮንቴነር ልብስ ግን አትድከሙ። ዶራሌ ይሻላችኋል።

ላሙና ሞምባሳ

ላሙም ሞምባሳም ያሉት ኬንያ ነው። የላሙን ነገር ስሰማ ሁሌም ተስፋ አደርጋለሁ። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. የኬንያው ምዋይ ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር አብረው ቆመው ሥራውን አስጀመሩት። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ጥልቅ ወደብ ነው። ለደቡብ ኢትዮጵያ የራሱ በር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ይርጋጨፌ ላይ የታጠበ ቡና ወደ ባሕር ለመውጣት መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። ሞያሌ ግን ወደ ደቡብ ትይዩ ናት።

ለአሁኑ ግን ደካማው ነገር ወደቡ አይደለም፤ ከጀርባው ያለው ነው። ከላሙ ወደ ጋሪሳ የሚወስደው መንገድ የአልሸባብ ጥቃት የደረሰበት አካባቢ ነው። ጭነት የለመዱ ከተሞች ገና አልበቀሉበትም። ሞምባሳ በአንጻሩ ያረጀና የተፈተነ ወደብ ናት። ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት እስከ ሞያሌ ያለው መንገድም አስፋልት ነው። ግን ሩቅ ናት። ከሞምባሳ አዲስ አበባ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጅቡቲ በኩል 900 ገደማ ነው። ስለዚህ ሞምባሳ ለአዲስ አበባ አስመጪ አትሆንም። ለሞያሌ፣ ለያቤሎና ለቦረና ዙሪያ፣ በተለይ ከራሷ ከኬንያ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ግን ትሆናለች።

ፖርት ሱዳን ለጎንደርና ለሑመራ ሰሊጥ ላኪዎች በመተማ በኩል ተፈጥሮ የሰጠችው በር ነበረች። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን ያለው ጦርነት አማራጭነቷን አስቀርቶታል። በ2025 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ራሷ በድሮን ተመትታለች። የዛሬ ውሳኔያችሁ ውስጥ አታስገቧት።

ሱቃችሁ የት ነው?

አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ከሆናችሁ ጅቡቲ፣ መልቲሞዳል፣ ሞጆ። ሙሉ ኮንቴነር ከሆነና ባቡር ካለ በባቡር። ደሴና ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ጅቡቲ፣ በጋላፊና በሚሌ፣ መድረሻ ኮምቦልቻ። ድሬዳዋ ከሆናችሁ ጅቡቲ በባቡር ወይም በደወሌ መንገድ፤ ከዶራሌ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጅግጅጋ ከሆናችሁ በርበራን ከድሬዳዋው መስመር ጋር ሁለቱንም በዋጋ አስወጥታችሁ እዩ፤ ባንካችሁ ከፈቀደ በርበራ ልታሸንፍ ትችላለች። ሐዋሳና ዲላ ለጊዜው ሞጆ ይሻላል።

ዕቃው ትንሽ፣ ውድና አስቸኳይ ከሆነ ግን ከነጭራሹ ወደብ አታስቡ። የማሽን መለዋወጫ ጠብቆ የቆመ ፋብሪካ በየቀኑ የሚያጣው ገንዘብ ከአውሮፕላን ክራዩ ይበልጣል። ቦሌ ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁ።

ዋጋ ስትጠይቁ ሁሌም እስከ መጋዘናችሁ በር ጠይቁ። የባሕሩን ክራይ፣ የወደቡን፣ የትራንዚቱን፣ የየብሱን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የባዶ ኮንቴነር መመለሻውን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉላችሁ። አንዱን ዘለው ከሰጧችሁ፣ ርካሽ የመሰላችሁ በዘለሉት ነው። ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁን ላኩልኝ በሉ። መድረሻ የሚለውን መስመር ራሳችሁ አንብቡ።

ሁለተኛውን ኮንቴነር ስናስመጣ እኔ ራሴ አነበብኩት። «ኮምቦልቻ» ይላል። መኪናው ሚሌ ላይ ታጠፈ። ሹፌሩ ከባቲ ደወለልኝ። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ገበያው መንገዱን ሞልቶት ግመሎቹ እስኪያልፉ ቆሟል። ምሳውን እዚያው በላ፣ ጎማውን እዚያው አስነፋ፣ ለልጆቹ ብርቱካን ገዛ። አመሻሽ ላይ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በር ላይ ደረሰ። ካርቶኖቹን ስናነሳ ምንም ድምፅ አልሰማንም።